«ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?»

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ቃል የተናገረው ናትናኤል (ዮሐ. 1፥46) የገሊላዋ ቃና ሰው ስለ ነበር የናቀው ጎረቤቱን ነበር። ጌታ ግን «ተንኮል የሌለበት» ብሎ መስክሮለታል፤ ስለ ሌላው ወገን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ክፉ ግምት በቅን ሰው ልብ ውስጥም ሊያድር እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ፊልጶስም ክርክር ሳያበዛ «መጥተህ እይ» አለው።

እንዲህ ያለው ክፉ ግምት በዘመናችንም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ቤተ እስራኤላውያን በእስራኤል የለገሱት ደም በበሽታ ፍርሃት በስውር ሲደፋ መቆየቱ በታወቀ ጊዜ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ። በጎንደር አካባቢ ተወልደው በሦስት ዓመታቸው ቤተ እስራኤላውያንን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው በዘመቻ ሙሴ እስራኤል የገቡት ወይዘሮ ፕኒና ታመኖ ሻታ ሕግ ተምረውና በጋዜጠኝነት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2013 የእስራኤል ምክር ቤት (የክነሴት) አባል ሆኑ። በዚያው ዓመት በምክር ቤቱ ውስጥ ደም ሊለግሱ ሲቀርቡ ግን በትውልዳቸው ምክንያት እንደ ሌሎቹ መለገስ ተከለከሉ። በ2020 ሚኒስትር ሲሆኑ ከኢትዮጵያ ተወላጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ።

የወጣቶቻችን ስኬት ብዙ ዓይን ይከፍታል፤ እግዚአብሔርንም ስለ እርሱ እናመሰግናለን። ሆኖም ጥላቻ የሚሸሸግበት ሌላ ስፍራ አለው፤ ይኸውም የተሳካለትን ልጅ «እርሱ እንኳ እንደ ወገኖቹ አይደለም» ብሎ ማሞገስ ነው። ይህ አነጋገር ለአንዱ ልጅ ክብር የሰጠ እየመሰለ ወላጆቹንና መንደሩን በሙሉ ይሰድባል፤ እኔም በአማኞች መካከል ሲነገር ስሰማ ከግልጹ ስድብ ይልቅ ያሳዝነኛል። ጌታችን ከትንሣኤውና ከዕርገቱ በኋላ ለሳውል ሲገለጥ «የናዝሬቱ ኢየሱስ እኔ ነኝ» አለው (ሐዋ. 22፥8)፤ በክብሩ ሳለ የተናቀችውን መንደር ስም ከስሙ አልለየም።

እንግዲህ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ በፈተና አንደኛ የወጣውን ልጅ በጉባኤ ፊት ስታቆሙ የአባቱን አገርና ቋንቋ በአክብሮት ጥሩ። ፈተናውን የወደቀው የዚያው ወገን ልጅም ያለ ምንም የምስክር ወረቀት የእግዚአብሔር አርአያ ነውና፣ በዚያው ሳምንት ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ በመዝሙርም በንባብም ተራ ስጡት።