ሚቶኮንድሪያል ዲኤንኤ ምንድን ነው? ዓሣ በእናቱ ሲቆጠር

ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ብሎክ ቡና ተፈልቶ የጋብቻ ወሬ ከተነሳ "እስኪ ዘር ይቆጠር" የሚል ትልቅ ሰው አይጠፋም። በአባትም በእናትም፣ እስከ ሰባት ቤት። ባለፈው እሑድ እንዲሁ ዘር እየተቆጠረ ሳለ፣ ባዮሎጂ የምትማረው የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። "የኮራል ሪፍ ዓሦች ዝምድና በሚቶኮንድሪያል ዲኤንኤ ይጠናል ይላል። እንዴት ነው?" ኮራል ሪፍ ማለት ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት የባሕር ውስጥ ቋጥኝ ነው።

ዲኤንኤ በፊደል እንደተጻፈ የዘር መመሪያ ነው። አብዛኛው ያለው በሴል ኒውክለስ፣ ማለት በሴሉ እምብርት ውስጥ ነው። እሱ ከእናትም ከአባትም ይመጣል። ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት የሴል ኃይል ማመንጫዎች ግን የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው። ቀለበት መሳይ ነው። በዓሣ 16,500 ፊደል ገደማ፣ 37 ጂን (የመመሪያው ክፍል) ብቻ። በሰውም ጂኖቹ 37 ናቸው።

ይህ ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ነው። የእኛ ስም በአባት ይወርዳል፤ የአባት ስም፣ የአያት ስም እያልን እንሞላለን። ይሄኛው ግን እናት፣ የእናት እናት፣ የእሷም እናት እያለ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው። የአባት ወገን አይቀላቀለውም። የሚለወጠው ሲገለበጥ በሚፈጠር ግድፈት ነው።

ቁም ጸሐፊን አስቡ። ብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ይስታል። ከዚያ ብራና የተገለበጡት ሁሉ ግድፈቷን ይዘው ይሄዳሉ። ሁለት መጻሕፍት ብዙ ግድፈት ከተጋሩ ምንጫቸው ቅርብ ነው። የዓሦቹም ዝምድና የሚነበበው እንደዚሁ ነው።

በሪፍ ላይ ይህ በጣም ያስፈልጋል፤ መልክ ያታልላላ! በቀይ ባሕርም የሚኖረው በቀቀን ዓሣ በዕድሜና በፆታ ቀለሙን ይቀያይራል። ወንዱና ሴቷ ሁለት ዝርያ ተብለው የተመዘገቡበት ጊዜ ነበር። ተመራማሪዎች መንቁር መሳይ ጥርሱን አይተውም ለብቻው ቤተሰብ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ሰጥተውት ነበር። በ2005 የታተመ ጥናት የሚቶኮንድሪያና የኒውክለስ ጂኖችን አንድ ላይ ሲያነብ፣ በቀቀን ዓሦች ላብሪዴ ከሚባለው ቤተሰብ ውስጥ የበቀሉ ቅርንጫፍ ሆነው ተገኙ።

ዘመንም ይገመትበታል። ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፓናማ የብስ አትላንቲክንና ፓሲፊክን ውቅያኖሶች ለየ። አንድ የነበሩ ዓሦች ወዲያና ወዲህ ቀሩ። በመካከላቸው የተጠራቀመው ግድፈት ሲቆጠር የለውጡ ፍጥነት ይገመታል፤ በዚያ ፍጥነት ሌሎች ዓሦች የተለያዩበት ዘመን ይሰላል።

በእናት ብቻ መቁጠር ግን ጣጣ አለው። ቢራቢሮ ዓሦች ከሌላ ዝርያ ጋር የሚዳቀሉበት ጊዜ አለ። የድቅሏ ልጆች ትውልድ በትውልድ ከአባቷ ወገን ጋር ከተጋቡ መልካቸው ያንን ወገን ይሆናል፤ ሚቶኮንድሪያቸው ግን የቅድመ አያታቸው እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ የኒውክለሱም መነበብ አለበት። ትልልቆቹ በሁለቱም ወገን ቁጠሩ ማለታቸው ልክ ነው።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው የአገራችን ነው። ጣና ሐይቅ ውስጥ በመልክና በአመጋገብ የሚለያዩ 15 ገደማ የላቤዮባርበስ (አንድ የዓሣ ወገን) ዝርያዎች አሉ። በሚቶኮንድሪያቸው ግን እምብዛም አይለያዩም። ከተለያዩ ገና ቅርብ ጊዜ ስለሆነ ግድፈቱ አልተጠራቀመም።

ልጅቷን ከኮራሉ ይልቅ የጣናው ማረካት። ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ መጀመሪያ እዚያ ሄደሽ ጠይቂ አልኳት።