ሃይማኖት ሌላ፣ እምነት ሌላ

«ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ሲባል የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ከየትኛው ቤት ወጣህ? ዛሬስ ምን ታምናለህ? የመጀመሪያውን ሃይማኖት፣ ሁለተኛውን እምነት ብንለው ግርታው ይቀላል። (መዝገበ ቃላት እንዲህ አይለያቸውም፤ የምለያቸው እኔ ነኝ።)

ወሎ ላይ ልዩነቱ በሥጋ ይታያል። በክርስቲያን ሠርግ ለሙስሊም ዘመዶች የሚቀርበውን የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ድስቱም ጭልፋውም ለብቻ። ደሴ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ዓመታት ያለፉት፣ ፈጣሪ መኖሩንም የሚጠራጠር ጎልማሳ፣ ጨረቃ ከተሳለበት ሥጋ ቤት ሲደርስ እግሩ ወደ ኋላ ይላል። ለምን ቢሉት መልስ የለውም። የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቱ ማዕድ ነውና ሐሳቡ ሲለወጥ ሆዱ አብሮ አልተለወጠም። ታዲያ ይህ ሰው አማኝ ነው? በእኔ ሚዛን ሃይማኖት አለው፣ እምነት ግን የለውም።

ቤትም ይለወጣል። የወሎው ሙስሊም ገዥ መሐመድ ዓሊ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ስለ ሃይማኖት ከጠሩት ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። የአባት ስም ግን አብሮ አይጠመቅም፤ ስለዚህም ነው በወሎ የልጁ ስም ከአንዱ፣ የአያቱ ከሌላው ሃይማኖት ሲሆን ማንም የማይደነቀው።