ቤት ያለውና የሌለው፦ የአዲስ አበባ የኑሮ ደረጃ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ሀብታም ይሁን ድሃ ለማወቅ ደሞዙን ከመጠየቅ ቤቱን እንዴት እንዳገኘ መጠየቅ ይሻላል። አንድ ቢሮ ውስጥ እኩል ከሚከፈላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሌላው ተከራይ ከሆነ ከተወሰነ ዓመት በኋላ ኑሯቸው አይገናኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከደርግ ነው። በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ከዛ በላይ ያሉት ደግሞ ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግስት ድርጅት ገቡ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ብዙም ስላልተነካ በወር ጥቂት ብር እየከፈለ ልጅ ያሳደገ ሰው ሞልቷል፣ ጣራው ቢያፈስም ሽንት ቤቱ የጋራ ቢሆንም መሀል ከተማ ነው፣ ስራው እዛው፣ ዕድሩም እዛው። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማት ሲመጣ ፒያሳም ካዛንቺስም ብዙ ነዋሪ ወደ ዳር ተዛወረ፣ ቤቱ የተሻለ ቢሆን እንኳን ታክሲው ኪስ ያራቁታል።

ኮንዶሚኒየም በአርከበ ዕቁባይ የከንቲባነት ጊዜ ሲጀመር ለድሃው ነበር የታሰበው። በ1997 ተመዝግበው ከ10 ዓመት በላይ የጠበቁ አሉ። በ2005 ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተባለ (የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው የሚቆጥበው የዋጋው በመቶኛ ነው፣ ቀሪው የባንክ ብድር)፣ የ10/90ው በወር 187 ብር፣ የ20/80 ባለ ሶስት መኝታው 685 ብር ይቆጥብ ነበር። ከዛ ዕጣ ነው። ዕጣ የደረሰው ድሃ ግን ቤቱን የሚረከበው ወለሉ ሲሚንቶ እንደሆነ ነው፣ ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የባንክ ዕዳ፣ ውሃ ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት፣ ስለዚህ ብዙው አከራይቶት ራሱ ርካሽ ቤት ተከራይቶ ይኖራል (በወረቀት ባለቤት በኑሮ ተከራይ ማለት ነው)። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ ደግሞ ዳታው ተነካክቶ ተገኘና ተሰረዘ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለቆጠበ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

ከሁሉም የከፋው የሰርቪስ (ባለቤቱ ግቢ ውስጥ ያለች ክፍል) ተከራዩ ነው። አዋጅ 1320/2016 ኪራይ በዓመት አንዴ ብቻ እንዲጨመርና ተከራይ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንዳይባረር ይላል፣ ውሉም በጽሁፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ጥሩ ህግ ነው፣ ግን ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል በአፍ ተስማምቶ የገባ ሰው ምን ይዞ ይከሳል?