የወር ትርፍ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ ንግድ ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው፣ «ወር ሲያልቅ መሳቢያህን ቁጠር፤ በወሩ መጀመሪያ ከነበረው በላይ ያገኘኸው ትርፍህ ነው፤ ሌላው ሁሉ የሒሳብ ሠራተኛ ማወሳሰቢያ ነው» ሲል ሰማሁት። ይህንኑ አባባል ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ በየሱቁ ስሰማው ስለኖርሁ ነጋዴው ቢለው አልገረምም፤ መካሪው ሲለው ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ደረሰኝ ይቀመጥ፣ የዕለቱ ሽያጭ በዕለቱ ይጻፍ የሚለውን ሁሉም ስለሚያውቀው አልመለስበትም፤ የምጽፈው «ትርፍ» ስለሚባለው አንድ ቃል ብቻ ነው።

የወር ትርፍ ማለት በወሩ ውስጥ ከተሸጠው ዕቃ የሽያጭ ዋጋ ላይ ያ ዕቃ የተገዛበት ዋጋና ሱቁን በዚያ ወር ለማቆየት የጠየቀው ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈው ነው፤ ገዢው ገንዘቡን ሰጠም በዱቤ ወሰደም፣ ወጪውም በዚያው ወር ተከፈለም አልተከፈለም። መካሪው የሳተው ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ነው።

የጃቢ ጠህናን ገበሬ ይህን ስህተት አይሠራም። ጥር ላይ ጎተራው በበቆሎ ሞልቶ ሲያየው ይህ ሁሉ የዘንድሮ ትርፌ ነው አይልም፤ ተሽጦ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የሚውለው፣ የባለመሬቱ የእኩል ድርሻ፣ ክረምት ላይ ከጎረቤት የተበደረው ሁለት ኩንታል ሁሉ እዚያው ውስጥ እንዳለ ያውቃል። በአንጻሩ ለአማቹ ያበደረው አንድ ኩንታል ጎተራው ውስጥ ባይኖርም የራሱ መሆኑን አይዘነጋም። ነቀዝ የበላው ሱቅ ውስጥ እንደተበላሸ ዕቃ ነው፤ ቤተሰቡ የበላው ደግሞ የእርሻው ወጪ ሳይሆን ባለቤቱ ለራሱ የወሰደው ነው። የበሬው ማርጀት እንኳ እኛ የሒሳብ ሠራተኞች የእርጅና ቅናሽ ከምንለው፣ መገልገያ ባረጀ ቁጥር ከዋጋው ላይ ከሚነሣው ወጪ ጋር ይመሳሰላል፤ እዚህ ላይ ግን ምሳሌዬ ትንሽ ያነክሳል፤ ያረጀ በሬ አደልበው ለፋሲካ ቢሸጡት ከተገዛበት በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ የሱቅ ሚዛንና ኮምፒውተር ግን ማንም አያደልባቸውም።

ፍኖተ ሰላም ላይ ቆርቆሮ፣ ምስማርና ሲሚንቶ የሚሸጥ አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ላቅርባቸው። ጥር 1 ቀን በመሳቢያው፣ በባንክና በቴሌብር የነበረው ገንዘብ ተደምሮ 60,000 ብር ነበር፤ ጥር 30 ቀን 300,000 ብር ሆነ። እህል ገብቶ ገበሬው ቤቱን ቆርቆሮ የሚያለብስበት ወቅት ነውና «240,000 ብር አተረፍን» ሲል ደስ ብሎት ደወለልኝ። መዝገቡ ሲከፈት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በጥሬ ገንዘብ የ420,000፣ በዱቤ ደግሞ የ50,000 ብር ዕቃ ሸጧል፤ ሽያጩ በድምሩ 470,000 ብር ነው። በወሩ መጀመሪያ የ300,000 ብር ዕቃ ነበረው፣ የ350,000 ብር ጨምሮ ገዛ፣ ጥር 30 ማታ ሱቁን ዘግተን ስንቆጥር የ260,000 ብር ዕቃ አገኘን፤ ስለዚህ የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 390,000 ብር ነው። ከሽያጩ ላይ ይህ ሲነሣ 80,000 ብር ይቀራል፤ ከዚህም ደመወዝ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ጋር 12,000፣ መብራትና ማጓጓዣ 7,000፣ ኪራይ 8,000 ብር ሲቀነስ የጥር ትርፍ 53,000 ብር ሆነ። «ኪራይ እኮ በጥር አልከፈልሁም» ብሎ ተከራከረኝ፤ እውነቱን ነው፤ ከጥር እስከ ሰኔ ያለውን የስድስት ወር ኪራይ 48,000 ብር ታኅሣሥ ላይ አጠቃሎ ከፍሎ ነበር፤ ነገር ግን ጥርን የነገደበት ቤት ኪራይ የጥር ወጪ ነው።

ታዲያ ቀሪው 187,000 ብር ከየት መጣ? 120,000 ብሩ ከአከፋፋዩ በዱቤ የወሰደው፣ ገና ያልተከፈለ የቆርቆሮ ዋጋ ነው። በዚያው ወር 100,000 ብር እቁብ ደርሶታል፣ 10,000 ብርም ጥሏል፤ የሱቁ ዕቃ በ40,000 ብር ቀንሶ ወደ ገንዘብ ተለውጧል፤ የ8,000 ብሩ ኪራይም ከጥር ገንዘብ አልወጣም። በዱቤ የቀረው 50,000 ብርና ለቤቱ የወሰደው 21,000 ብር ከእነዚህ ላይ ሲነሣ 187,000 ብሩ ልክ ይመጣል።

እቁቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በያዝኋቸው መዝገቦች ሁሉ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስት ነገር አላየሁምና። ብዙ ነጋዴ በየወሩ የሚጥለውን «ወጪ»፣ የሚደርሰውን ደግሞ «ገቢ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም ስህተት ነው። የደንበኛዬ እቁብ አሥር አባላት ያሉት ሲሆን እርሱን የደረሰው በአራተኛው ወር ነው፤ ስለዚህ 40,000 ብሩ ሲቆጥብ የቆየው የራሱ ገንዘብ ነው፤ 60,000 ብሩ ግን በሚቀጥሉት ስድስት ወራት የሚከፍለው ዕዳ ነው። አንዲት ሳንቲም እንኳ ትርፍ አይደለችም።

ቆጠራው ላይም ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ኅዳር ላይ የገባው ቆርቆሮና ጥር ላይ የገባው አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ የተገዙበት ዋጋ ይለያያል፤ እኔ «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል» በሚለው አሠራር አሰላለሁ፤ ይኸውም ቀድሞ የተገዛው ዕቃ ቀድሞ እንደተሸጠ ቆጥሮ የድሮውን ዋጋ ከሽያጩ መቀነስ ነው። ዋጋ እየናረ ሲሄድ ይህ አሠራር ትርፉን ያሳምረዋል፤ በተሸጠው ምትክ ሌላ ሲገዛ ግን የሚጠየቀው የዛሬው ዋጋ ስለሆነ ከ53,000 ብሩ ከፊሉ ዕቃውን በነበረበት ለማቆየት ብቻ ይውላል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴም ከሚቀበለው ከየ115 ብሩ 15 ብሩ በእጁ የቆየ የመንግሥት አደራ መሆኑን ያስታውስ፤ በግዢ ላይ ከከፈለው ታክስ ጋር አቻችሎ ልዩነቱን ያስረክባል። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ታክሱን አውጥቼ ነው ያቀረብኋቸው። ደግሞም የባንኩ መግለጫ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚወጣ የጃንዋሪን ወረቀት ከጥር መዝገብ ጋር ማመሳከር ከንቱ ድካም ነው፤ ጥር 1 ቀን የሚውለው ጃንዋሪ 9 ወይም 10 ነውና መግለጫው ሲጠየቅ ቀኑ ተለይቶ ይነገር።

መካሪው «ገንዘብ በሌለበት ትርፍ ምን ይሠራል?» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በመዝገብ እያተረፈ ለአከፋፋዩ የሚከፍለው አጥቶ የተዘጋ ሱቅ አይቻለሁ። ስለዚህ የገንዘቡን መግቢያና መውጫ በሌላ ገጽ እይዛለሁ፤ ሁለቱ ገጾች ግን የሚመልሱት ለየቅል ጥያቄ ነው። ደንበኛዬ በየካቲት የአከፋፋዩን 120,000 ብር ከፈለ፣ እቁቡንም ጣለ፤ የካቲት 30 ቀን ስንቆጥር ገንዘቡ 210,000 ብር ነበር። በመካሪው ስሌት ይህ የ90,000 ብር ኪሳራ ነው። የየካቲት ትርፍ ግን 48,000 ብር ነበር።