«አትራፊ ነኝ፤ ታዲያ ለምን እምቢ አሉኝ?» ስለ ቬንቸር ካፒታል በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ቨርጂኒያ ያለ አንድ ጓደኛዬ እንጀራ እየጋገረ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ያከፋፍላል። ሥራው ደህና ነው። ዘጠኝ ሠራተኞች አሉት፤ የማንም ዕዳ የለበትም። ባለፈው ዓመት የማዘዣ አፕ አሠራና «ስታርታፕ ነኝ» ብሎ ለአንድ ቬንቸር ካፒታል ድርጅት አመለከተ። በትህትና እምቢ አሉት።

«የሚከስር ኩባንያ ላይ ሚሊዮን ይረጫሉ፤ እኔ አትራፊው ስመጣ በር ይዘጋሉ!» አለኝ። ቡናው ፊቱ ቀዝቅዟል። ያቀረበላቸውን ስላይድ ላፕቶፑ ላይ አብረን አየነው። ብዙ እንከን አላገኘሁበትም። የተሳሳተው ስለ ሰዎቹ አሠራር የነበረው ግምት ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያው ስለምንገምት አንድ በአንድ ላንሣው።

«ቬንቸር ካፒታል ያው ብድር ነው»

አይደለም። ባንክ ማስያዣ ይይዛል፣ ወለድ ያስባል፣ ካልተከፈለው ንብረት በሐራጅ ይሸጣል። ቬንቸር ካፒታል ግን ከኩባንያው ላይ ድርሻ ገዝቶ ይገባል። ኩባንያው ከከሰረ ገንዘቡን ውኃ በላው፤ ቤት ድረስ የሚመጣ የለም።

የቀረው ነገር ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። ባንክ ተበዳሪው ቢሊየነር ቢሆንም የሚያገኘው ያችኑ ወለዱን ነው። ስለዚህ የሚያስጨንቀው «ይከስር ይሆን?» የሚለው ነው። ባለድርሻው የሚያጣው ቢበዛ ያስገባትን ነው፤ የሚያገኘው ግን ጣሪያ የለውም። እሱን እንቅልፍ የሚነሣው «ቢሳካለት የት ድረስ ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

«አትራፊ ከሆንኩ ይሰጡኛል»

ጓደኛዬን ያናደደው ይሄ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው።

አንድ ፈንድ፣ ማለትም ድርጅቱ ኩባንያዎች ላይ የሚያውለው የገንዘብ ቋት፣ 100 ሚሊዮን ዶላር አለው እንበል። አብዛኛው ገንዘብ የድርጅቱ ሰዎች የራሳቸው አይደለም፤ ከጡረታ ፈንዶች፣ ከዩኒቨርሲቲዎች፣ ከሀብታም ቤተሰቦች የተሰበሰበ ነው። በተለምዶ 10 ዓመት ገደማ ይሰጣቸዋል። በየዓመቱ 2 በመቶ ያህል ለሥራ ማስኬጃ ይወስዳሉ፤ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ ያህል። ገንዘባቸውን ለ10 ዓመት ያስቀመጡ ሰዎች ታዲያ በባንክ ወለድ ልክ አይረኩም። ሦስት እጥፍ ይጠብቃሉ እንበል፤ 300 ሚሊዮን ማለት ነው።

አሁን የጓደኛዬ እንጀራ ቤት አድጎ አድጎ በ20 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ እንበል። ለእሱ ድግስ ነው፤ እኔም እጠራለሁ። ፈንዱ 15 በመቶ ድርሻ ቢኖረው የሚደርሰው 3 ሚሊዮን ነው። ከሚፈልገው 300 ሚሊዮን ውስጥ 1 በመቶ ብቻ። በዚያው 15 በመቶ ድርሻ መቶ ሚሊዮኑን ከአንድ ኩባንያ ለመመለስ ኩባንያው በ670 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሸጥ አለበት። እንጀራ ወዳድ ነኝ፤ ግን እዚህ ድረስ ይሄዳል ብዬ አልምልም።

ለምን እንዲህ ይስገበገባሉ? አብዛኞቹ እንደሚወድቁ ስለሚያውቁ ነው። ኮሬሌሽን ቬንቸርስ የተባለው ድርጅት ከ2004 እስከ 2013 የተደረጉ ከ21 ሺህ በላይ ኢንቨስትመንቶችን መርምሮ ነበር። 65 በመቶው የገባበትን ገንዘብ እንኳ አልመለሰም። አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ የመለሰው 4 በመቶው ብቻ ነው። ከመቶ አራቱ ናቸው እንግዲህ የሌላውን ሁሉ ኪሳራ የሚሸከሙት። ስለዚህ ማንም ኩባንያ ሲቀርብ «ከአራቱ አንዱ ሊሆን ይችላል ወይ?» ተብሎ ይታያል። ቀስ እያለ የሚያድግ፣ የተረጋጋ ሥራ ለባለቤቱ በረከት ነው። ለእነሱ ግን ቦታ መያዝ ነው።

«አዋቂዎች ናቸው፤ እምቢ ካሉ ሀሳቡ አይረባም»

ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ ማደሪያ የሚያከራዩበትን የኤርቢኤንቢን ታሪክ ልንገራችሁ። በ2008 መሥራቾቹ ብራያን ቼስኪና ጓደኞቹ 150 ሺህ ዶላር ፈልገው ከሰባት የሲሊኮን ቫሊ ኢንቨስተሮች ጋር ተገናኙ። ለኩባንያው የሰጡት ግምት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዚያ ገንዘብ 10 በመቶው ይገዛ ነበር ማለት ነው። አምስቱ አይሆንም አሉ። ሁለቱ ጭራሽ መልስ አልሰጡም። ቼስኪ ኋላ ላይ ደብዳቤዎቹን ለሕዝብ አውጥቷቸዋል። አንደኛው ገበያው ለእኛ አሠራር የሚበቃ ትልቅ አልመሰለንም ይላል።

ልብ በሉ፤ ጥያቄው ልክ ነበር። ከላይ ያየነው ሒሳብ ነው። መልሱ ነው የተሳሳተው። ኩባንያው በዲሴምበር 2020 አክሲዮን ገበያ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን ዋጋው ከ80 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ቤሴመር የተባለው ነባር ድርጅት ደግሞ እምቢ ብሎ የተቆጨባቸውን ኩባንያዎች ዝርዝር ራሱ አውጥቷል። አፕል አለ፣ ፌዴክስ አለ፣ ኤርቢኤንቢም አለ። የጉግሉ የበለጠ ያስቃል። ከባልደረቦቹ የአንዱ ጓደኛ የቤቷን ጋራዥ ለሁለቱ የጉግል መሥራቾች አከራይታ ነበር። ላስተዋውቅህ ስትለው፣ በጋራዡ በኩል ሳላልፍ ከዚህ ቤት እንዴት ነው የምወጣው ብሎ ጠየቃት።

የተገላቢጦሹም አለ። ሴኮያ የተባለው የቬንቸር ካፒታል ድርጅት በክሪፕቶ መገበያያው ኤፍቲኤክስ ላይ 213 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ ነበር፤ መገበያያው በኖቬምበር 2022 ሲወድቅ ሙሉውን ዜሮ ብሎ መዘገበው። ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ድርጅቱ ግን በዚያው ሰሞን ለባለገንዘቦቹ ሲጽፍ፣ የኪሳራው አብዛኛው ያረፈበት ፈንድ ወደ 7.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትርፍ እንዳለው አስታወሳቸው። ከዚያ ትርፍ የተወሰነው ገና በወረቀት ላይ ያለ ነበር፤ ቢሆንም ፈንዱ ጭረት ነው የነካው። እውነቱን ለመናገር፣ የበለጠ የሚያማቸው ያመለጣቸው ነው።

«የሚገዙት ሀሳብ ነው፤ ስለዚህ ልደብቀው»

ሚስጥር ጠብቁ የሚል ውል ካልፈረማችሁ አልናገርም የሚል ሰው አጋጥሞኛል። በመጀመሪያ ስብሰባ እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም ቬንቸር ካፒታል እምብዛም የለም። ተመሳሳይ ሀሳብ በየሳምንቱ ስለሚሰሙ አይመቻቸውም።

ተመራማሪዎች 885 የዘርፉን ባለሙያዎች ሲጠይቁ፣ ከሁሉ የሚበልጥብን ቡድኑ ነው ያሉት ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። እዚህ ላይ ግን የቆየ ክርክር አለ። ከዘርፉ አባቶች አንዱ አርተር ሮክ ሰውን ያስቀድም ነበር። የሴኮያው መሥራች ዶን ቫለንታይን ደግሞ ገበያውን። እኔ ወደ ሮክ አደላለሁ፤ ምክንያቴም ያው ኤርቢኤንቢ ነው።

ልጆቹ ከሰባቱ ምንም ካጡ በኋላ በክሬዲት ካርድ ዕዳ ተዘፍቀው ነበር። የ2008ቱ ምርጫ ሲደርስ ኦባማና ማኬይን ያሉባቸው የቁርስ ሲሪያል ካርቶኖች ሠርተው አንዱን በ40 ዶላር ሸጡ። ወደ 30 ሺህ ዶላር አገኙ። ጀማሪ ኩባንያዎችን የሚደግፈውን ዋይ ኮምቢኔተርን ካቋቋሙት አንዱ ፖል ግሬሃም ሰው ቤት ማደር የሚለውን ሀሳብ አልወደደውም ነበር። ካርቶኑን ሲያይ ግን ተቀበላቸው። ሲሪያል በ40 ዶላር የሚሸጥ ሰው በቀላሉ አይሞትም ብሎ ነው። በ2009 ሴኮያ ወደ 600 ሺህ ዶላር የሚጠጋ አስገባ።

ዕድሜን በተመለከተ ባጭሩ፦ ዩኒቨርሲቲ ያቋረጠ የ20 ዓመት ልጅ መሆን አያስፈልግም። በ2018 የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ እጅግ በፍጥነት ያደጉ ኩባንያዎች መሥራቾች አማካይ ዕድሜ 45 እንደነበር አሳይቷል።

«ቴሌቪዥን ላይ እንዳለው እዚያው ቁጭ ብለው ይወስናሉ»

እምቢታው ፈጣን ነው። በአንድ ጥናት ኢንቨስተሮች አንድ መሥራች የላከውን ስላይድ በሙሉ ለማየት በአማካይ የሚያጠፉት ጊዜ 3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ሆኖ ተገኝቷል። እሺታው ግን ይረዝማል። ያ የ885ቱ ባለሙያዎች ጥናት አንድ ስምምነት ለመዝጋት በአማካይ 83 ቀን፣ ለማጣራት ብቻ 118 ሰዓት እንደሚፈጅ ይናገራል። ስለ መሥራቹ የሚያውቁ አሥር ያህል ሰዎች ጋ ይደወላል። የቀድሞ አለቃ፣ ደንበኛ፣ አብሮ የሠራ ሰው። የአምስት ዓመት የትርፍ ትንበያ ሰንጠረዥን ግን ጀማሪ ኩባንያ ላይ ቃል በቃል የሚያምነው የለም። ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን ያውቃሉ።

«ጥሩ ኢሜይል ከላክሁ ይበቃል»

በዚያው ጥናት መሥራቹ ራሱ በር አንኳኩቶ የመጣባቸው ስምምነቶች 10 በመቶ ገደማ ናቸው። የቀሩት በትውውቅ፣ በሌላ ኢንቨስተር ጥቆማ ወይም ድርጅቱ ራሱ ፈልጎ ያገኛቸው ናቸው። ይሄ እንደኛ ላለው አዲስ መጤ ፍትሐዊ ነው አልልም። እነ እገሌ አብረው የተማሩ ናቸው፤ እኛ ደግሞ የምንተዋወቀው በለቅሶና በሠርግ ነው። ቢሆንም ከሃምሳ ደረቅ ኢሜይል ገንዘብ ያገኘ አንድ መሥራች ፈልጎ «እባክህ አስተዋውቀኝ» ማለት ይሻላል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ እኔን የሚያዋጣኝ ባንክ ነው በለኛ» አለ። አዲሱ የእንጀራ ማሽን ባለፈው ወር ገባ። ማስያዣው ቤቱ ነው። አፑንም አልጣለውም፤ የፋሲካ ትዕዛዝ ይቀበልበታል።