«ምግብማ ይበሰብሳል» እና ሌሎች የቆሻሻ ተረቶች

ሥራዬ ቆሻሻ መመዘን ነው። ከየቤቱ የመጣውን ማዳበሪያ ሸራ ላይ ዘርግፈን፣ በየዓይነቱ ለይተን ሚዛን ላይ እንሰቅለዋለን። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አየሩን፣ ውሃውንና አፈሩን ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ስሌት የሚጀምረው ከዚያ ሸራ ላይ ነው። ሥራዬን የሰማ ሁሉ ግን ሊያስተምረኝ ይቃጣዋል።

«ዋናው ጠላት ፌስታል ነው።» ቱቦ በመድፈን አዎ፣ የሚያክለው የለም። ሚዛን ላይ ግን ከባዱ ፌስታሉ ሳይሆን ውስጡ የተቋጠረው ነው።

«እኛ አገር ሪሳይክል የለም።» ቆራሌው ታዲያ በየሰፈሩ የሚጮኸው ለምንድን ነው? ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን እሱ ለቅሞ ምናለሽ ተራ ካደረሰ በኋላ የተረፈውን ነው እኛ የምንመዝነው።

«ግቢ ውስጥ ማቃጠል ይሻላል።» አይሻልም። የፕላስቲኩ መርዝ መጀመሪያ የሚገባው የራስዎ ልጆች ሳንባ ውስጥ ነው።

«የቆሻሻ መኪናው ጭስ ነው የሚጎዳን።» የቆሻሻ ክምሩ ከሚያወጣው ጋዝ ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ምግብማ ይበሰብሳል፤ አፈር ነው የሚሆነው።» ይህን ከተማሩ ኃላፊዎች አፍ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ቡና ላይ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ የሽንኩርት ልጣጭና የተረፈ እንጀራ እንጂ ምን እጥላለሁ?» ብለውኛል።

መበስበሱንማ ይበሰብሳል። ጥያቄው እንዴት ነው የሚለው ነው። አየር እያገኘ ሲበሰብስ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ያም ተክሉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ነው። ፌስታል ውስጥ ተቋጥሮ፣ የከተማው መጣያ ቆሼ ላይ ሌላ ቆሻሻ ሲጫነው ግን አየር ያጣል። ያኔ ሥራውን የሚረከቡት ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሚያወጡትም ሚቴን ነው። በ100 ዓመት ስሌት አንድ ኪሎ ሚቴን ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ከተሰላ ከ80 እጥፍ ያልፋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት አገር ሁሉ ቆሼን አየ። ጋዙ ግን ቀለም የለውም፤ በየቀኑ ሲወጣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

አንድ ጊዜ ሳምንታት የቆየ የተቋጠረ ፌስታል በምላጭ ከፈትኩ። ጥቁር ውሃ ቡትስ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ፤ መሃሉ ላይ ሁለት የዛገ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ያ ውሃ አሲድ ነው፤ ከባትሪው ብረት እያሟሟ ይወርዳል። መሬቱ ካልታሸገ ደግሞ መንገዱ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ነው፣ ጎመንና ሰላጣ ወደሚጠጡበት። «አፈር ይሆናል» የተባለው ልጣጭ እንዲህ አድርጎ ነው ሰሃናችን ላይ የሚመለሰው።

«ረጲ ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ያቃጥለው የለ?» ነሐሴ 2010 ሲመረቅ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያነድ ነበር የታሰበው። ርጥብ እንጨት ማንደድ የሞከረ ግን ልጣጭና የቡና አተላ ማንደድ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም፤ ከሙቀቱ ብዙው ውሃውን በማትነን ያልቃል።

ስለዚህ ማዕድ ቤት ውስጥ ሁለት ዕቃ ያስቀምጡ፣ የርጥብና የደረቅ። ግቢ ያለው ርጥቡ አየር እያገኘ እንዲበሰብስ ጎኑ የተበሳሳ በርሜል ያዘጋጅ፤ አንድ እጅ ልጣጭ፣ ሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን። የከሰል አመድ በብዛት አይጨምሩ፤ አፈሩን ያበላሻል። የጋለ አመድማ ከነጭራሹ፣ ስንት ገንዳ ነደደ! በሳምንት አንዴ ይገልብጡት፤ ካልተገለበጠ መሃሉ አየር አጥቶ ያንኑ ሚቴን ያወጣል።

እትዬ በርሜሉን ከጀመሩ ሦስት ወራቸው ነው። ባለፈው «ሸተተኝ፣ ያንተ ምክር!» ብለው አስጠሩኝ። አካፋውን ጠየቅኳቸው፤ ከነላስቲኩ በሩ ጥግ ቆሞ ነበር።