ስፌት፦ የመሶብ፣ የሙዳይና የዶቃ ሙያ በኢትዮጵያ ቤቶች

ስፌት ማለት የልብስ ስፌትን ሳይጨምር፣ ሣር በሣር ላይ እየተጠመጠመና በወስፌ እየተወጋ የሚሠራ የቤት ዕቃ ሙያ ነው። እንጀራ የሚቀርብበት መሶብ፣ ሌማት፣ እህል የሚበጠርበት ሰፌድ፣ የሚሰፈርበት ቁናና እንቅብ፣ ለመንገደኛ ስንቅ የሚያዝበት አገልግል፣ ጥጥና ጌጥ የሚቀመጥበት ሙዳይ ሁሉም የዚህ ሙያ ልጆች ናቸው። ሠሪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ ቦታው የራሳቸው ቤት፣ ሰዓቱም ከሌላ ሥራ የተረፈው ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ኪነ ጥበብ ሲጻፍ መስቀል፣ የብራና ሥዕልና ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ገጹን ይሞሉታል፤ መሶቡ ግን ከምግብ ፎቶግራፍ ሥር ይቀራል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ አግባብ አይደለም።

በማኅበራዊ ኑሮ ያለው ቦታ

በአገራችን የእጅ ሙያ ለረጅም ዘመን ክብር ተነፍጎት ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው እያንዳንዳቸው የሚሰደቡበት ስም ነበራቸው፤ ከእነርሱ ጋር ጋብቻ የማይፈጸምበት አካባቢም ብዙ ነበር። ስፌት ግን ከዚህ ንቀት ያመለጠች ሙያ ናት። የሚሠራት የተለየ ወገን አልነበረም፤ የጭሰኛውም ሚስት የባላባቱም እመቤት ይሰፋሉ። ከጥጥ ፈትል ጋር አንድ ላይ በምትቆጠርበት የወይዛዝርት ሙያ ውስጥ ገብታ፣ ልጅቱ ለትዳር ስትታሰብ «ባለሙያ ናት» ከሚያስብሏት ነገሮች አንዷ ሆናለች። በመሆኑም ስፌት ለሽያጭ ከመዋሉ በፊት ለቤት ክብር፣ ለስጦታና ለጥሎሽ ነበር የሚሠራው። ጥሩ መሶብ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ እንግዳው ሲሄድ ደግሞ ተከድኖ ቦታው ይመለሳል።

ሥራው እረፍትም ድካምም ነው። ቡና እየተፈላ፣ ሕፃን እየተጠበቀ፣ ጎረቤት እየተጫወተች ይሰፋል፤ እጅ ይሠራል፣ አፍ ያወጋል። ወስፌውን አስቀምጦ ወጥ ማማሰል፣ ተመልሶም ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል፤ ይህ ሽመና ወይም ሸክላ የማይፈቅደው ነፃነት ነው። በበዓል ቀን መስፋት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ ቤቶች ይለያያሉ። እርሻና ወፍጮ በሚከለከልበት ቀን ስፌትን እንደ ጨዋታ የሚያዩ አሉ፤ አጥባቂ በሆነው ቤት ግን ወስፌም አይነሳም።

እጅ ሥራ አእምሮን ያሳርፋል የሚለውን አያቶቻችን ሳይለኩት ያውቁታል። የሚለካ ለሚፈልግ ደግሞ በአሜሪካ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት አለ። 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ በሸክላ ጭቃ፣ በቀለምና ወረቀት በመለጣጠፍ እንዲሠሩ ተደርጎ፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ ላይ ከውጥረት ጋር የሚያያዘው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚያ በፊት ልምድ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ውጤትም ያን ያህል አልተለያየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ስፌትንም አልሞከረም። ሆኖም ጀማሪ «እጄ አይረባም» ብሎ እንዳይተወው የሚያደፋፍር ነው።

ከሣሩ እስከ ክዳኑ

በደጋውና በወይና ደጋው የሚታወቁት የስፌት ሣሮች ስንደዶና አክርማ ናቸው። ሁለቱም ክረምቱን ጠጥተው ያድጋሉ፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ልጆችና ልጃገረዶች በየመስኩና በየዳገቱ እየነቀሉና እየመዘዙ ይሰበስቧቸዋል። ጊዜው ከአዲስ ዓመት ጋር ስለሚገጥም ሣር ለቀማው ራሱ የበዓል መልክ አለው። በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቅለው እየጎነጎኑ የሚያደርጉት የእንግጫ ነቀላ ሥርዓት፣ ምንም እንኳ ከስፌት የተለየ ቢሆንም፣ በዚሁ በሣርና በልጃገረድ እጅ መካከል ባለው ዝምድና ላይ የቆመ ነው።

የተሰበሰበው ሣር ይደርቃል፣ ይመረጣል፣ በነዶ ይታሰራል። ከፊሉ በማቅለሚያ ውስጥ ተቀቅሎ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ ይሆናል፤ አለላ የሚባለው ይህ የቀለም ሣር ነው። ቀድሞ ቀለሙ ከዕፅዋት ሥርና ቅጠል ይወጣ እንደነበር ይነገራል። በ20ኛው መቶ ዘመን ግን ከገበያ የሚገዛው የዱቄት ቀለም ቦታውን ወስዷል። የድሮው ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን ብዙ ሴቶች የዱቄቱን ቀለም የወደዱት ስለሚደምቅ ነው፣ ለዚህም ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም።

ሥራው ከመሐል ይጀምራል። ጥቂት የሣር ዘንጎች ተጠቅልለው ትንሽ ክብ ይሠራሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ድግግሞሽ ነው፦ ውስጥ የሚገባው የሣር እቅፍ ቀድሞ በተሠራው ዙር ላይ ይተኛል፣ የተሰነጠቀና በውኃ የራሰ ሣር ይጠመጠምበታል፣ ወስፌው የታችኛውን ዙር ይበሳል፣ የሣሩ ጫፍ በቀዳዳው ያልፍና ይጠብቃል። እቅፉ ሲያልቅ አዲስ ዘንግ ሳይታወቅ ይቀጠላል። ወስፌ እንጨት እጀታ ያለው ሹል ብረት ነው፤ ከእርሱና ከአንድ ሣህን ውኃ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ሣሩ ከደረቀ ይሰበራል፣ ከመጠን በላይ ከራሰም ሲደርቅ ይላላል፤ ስለዚህ ሠሪዋ ጥቂት ጥቂት ብቻ እያራሰች ትሠራለች።

የዕቃው ቅርጽ የሚወሰነው አዲሱ ዙር በቀድሞው ላይ በሚቀመጥበት አኳኋን ነው። ጎን ለጎን ከሆነ ሰፌድ ይወጣል፣ ወደ ላይ ከተነባበረ ሙዳይ፣ ቀስ እያለ ከሰፋ የመሶብ ሆድ። መሶብ እግሩ፣ ሆዱና ክዳኑ አለው። ሆዱ እንጀራው ሳይታጠፍ እንዲቀመጥበት መስፋት ይኖርበታል፤ ክዳኑ ደግሞ እንደ ጉልላት ሾሎ ይወጣል። ከሁሉ የሚከብደው የክዳኑንና የሆዱን አፍ ማጋጠም ነው። ሁለቱ ለየብቻቸው የተሠሩ ስለሆኑ የአንዲት ጣት ስፋት ስህተት እንኳ ከሩቅ ትታያለች።

ሐረጉ፣ ማለትም የስፌቱ ጌጥ፣ በወረቀት አይነደፍም። ዚግዛጉ፣ አልማዙና ኮከቡ የሚወጡት ጥምጥሙን በመቁጠር ነው፤ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድም ቁጥሩ አብሮ ይሰፋል። ፊደል ያልቆጠረች እናት ስምንት ጫፍ ያለውን ኮከብ እኩል አድርጋ ስትዘጋው ማየት፣ ሒሳብ የሚማረው በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው ለሚል ሰው በቂ መልስ ነው። አንድ ትልቅ መሶብ በትርፍ ሰዓት ከተሠራ ወራት ይወስዳል። አገልግል ሲሆን ውጭው በቆዳ ይለበጣል፤ ማንጠልጠያ ጠፍር ይደረግለታል፣ ለበቅሎ መንገድም ይመቻል።

ሐረር

ስለ ስፌት ከተጻፈው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሐረር ነው። ከተማዋ ጥንታዊ ቤቶቿን፣ ሙዚየሞቿንና አጥኚዎችን አንድ ላይ ስላገኘች ነው እንጂ ሌላው አገር ስለማይሰፋ አይደለም። ያም ሆኖ የሐረሪ ሴቶች ሥራ በቅጥነቱና በንድፉ ጥንቃቄ ተወዳዳሪ እንደሌለው አምኖ መቀበል ግድ ነው።

በባህላዊው የሐረሪ ቤት ገብቶ ቀና ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው። ናደባ ከሚባሉት ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ ከሚሄዱት መቀመጫዎች በላይ፣ በቀይ ቀለም ከተዋበው ወለል ትይዩ፣ ጠፍጣፋና ጉድጓዳ ስፌቶች በረድፍ ይሰቀላሉ። ከጎናቸው ከውጭ የመጡ ባለ ቀለም ሣህኖች ይደረደራሉ። ግድግዳው የእመቤቲቱን ሙያ፣ የእናቷን ስጦታና የቤቱን አቅም በአንድ ጊዜ ይናገራል። እያንዳንዱ ስፌት የራሱ ስምና ግዳጅ አለው፤ ለእንጀራ፣ ለቡና ስኒ፣ ለሠርግ ምግብ፣ ሙሽራዋ ለአማቷ ለምትሰጠው ስጦታ የሚሆን ለየብቻ ነው። ሙሽራ ያለ ስፌት ቤት አትገባም ማለት ይቻላል።

ትምህርቱም ሥርዓት ነበረው። ልጃገረዶች በአንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበው አብረው ይሰፉ ነበር። በዚያ የሚማሩት ስፌትን ብቻ አልነበረም፤ ዘፈኑን፣ የጎረቤቱን ወሬና የትዳር ምክሩንም ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ይህ ስብስብ ቀነሰ። ሙያው ግን በጓዳ ቀጥሏል፣ በከተማዋ የሴቶች ማኅበራት ውስጥም ገቢ ማስገኛ ሆኗል።

ጁገል የተባለው በግንብ የታጠረው የሐረር ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሐረሪዎች የሚያከብሩት የሸዋል ኢድ በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ራስ ተፈሪ በኖሩበት ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ከብራናዎቹና ከጌጦቹ ጋር ስፌቶችንም ይዟል። የስፌት ሙያ መነሻ ሐረር ነው የሚሉ አሉ። ይህ አከራካሪ ነው፤ በሰሜኑ የመሶብ ባህል ሥር የሰደደ መሆኑን ያየ ሰው በቀላሉ አይቀበለውም።

ሌሎች አካባቢዎች

በትግራይ፣ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ መሶብ የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግር ነበር። አክሱም ገበያ ላይ ስፌት ሻጮች ራሳቸውን የቻሉ ተራ አላቸው።

በጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በሸክላቸው ቢታወቁም ስፌታቸውም ያማረ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያውን ይዘው ሄደዋል። ሣሩ እዚያ ስለማይገኝ በሌላ ክርና ጭረት የሚሰፉ አሉ።

በቦረና ሴቶች ከዕፅዋት ሥር የሚሰፉት የወተት ዕቃ በጣም ጥብቅ ከመሆኑ የተነሳ ወተት አያፈስም፤ ውስጡም በጭስ ስለሚታጠን ወተቱ ጥሩ ጠረን ይይዛል። በዶርዜ ቀርከሃ፣ በጉራጌና በሲዳማ የእንሰት ቃጫ የሥራው መነሻ ነው፤ እነዚህ ግን በአብዛኛው ጉንጉን እንጂ ስፌት አይደሉም።

በሙዳዩ ውስጥ ያለው

ሙዳይ ከተነሳ ጌጡን ማለፍ አይቻልም። የብር ጌጥ የአንጥረኛ፣ ማለትም የወንድ ሥራ ነበር። ጥሬ ዕቃውም ብዙ ጊዜ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው፤ 28 ግራም ያህል የሚመዝነውና 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ ቀልጦ መስቀል፣ ድሪ፣ አምባርና አልቦ ሆኗል። ቤት ውስጥ የሚቀረው ሥራ መሰካቱ ነው። ዶቃውን በመጠን መለየት፣ ማተቡን መግመድ፣ በሁለት ዶቃ መካከል የብር ፍሬ ማስገባት የሴቶችና የልጆች ድርሻ ነበር። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች በቆዳ ልብሳቸው ላይ ዶቃና ዛጎል ራሳቸው ይሰፋሉ። ጨሌ የሚባለው ዶቃ ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ ከዛር ጋር ስለሚያያዝ በብዙ የክርስቲያን ቤት እንደ ተራ ጌጥ አይታይም። ዛሬ በከተማ ዶቃ የሚሰኩ ወጣቶች ይህን ልዩነት ብዙም አይጨነቁበትም።

ከተማና የዛሬው ዘመን

በከተማ የስፌትን ቦታ ለረጅም ጊዜ የያዘው ዳንቴል ነው። በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ያልለበሰ ሶፋ፣ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ በደርግ ዘመን ማየት ብርቅ ነበር። በትምህርት ቤትም «የእጅ ሥራ» የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበር፤ ተማሪው ሠርቶ ሊያመጣ የታዘዘውን እናቱ ወይም እኅቱ ሠርታለት ውጤት የሚያገኝበት።

የፕላስቲክ ሣህንና ማቀዝቀዣ ከገቡ በኋላ መሶብ ከጓዳ ወደ ሳሎን ጌጥነት ተሸጋግሯል። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና ሱቆች ለቱሪስት ይሸጣል፤ በዋሽንግተንና በሌሎች የውጭ ከተሞች ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ገበታ ሆኗል። ጥሬ ዕቃውም ተቀይሯል። ስንደዶ ራቅ ካለ አገር የሚመጣ ስለሆነ ብዙዎች በሱፍ ክር፣ ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ጭረት፣ ከዚያም አልፎ መሶቡን ሙሉ በሙሉ በዶቃ እየለበጡ ይሠራሉ። የዶቃው መሶብ ለሠርግ ተፈላጊ ነው፤ ክብደቱ ግን ለማንሳት ያስቸግራል፣ እንጀራውንም እንደ ሣሩ አያስተነፍሰውም።

ለመዝናናት መጀመር የሚፈልግ ሰው በመሶብ ባይጀምር ይመከራል። የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ጠፍጣፋ ክብ በሁለት ቀለም መሥራት እቅፉን ማስተካከልንም ሐረጉን መቁጠርንም ታስተምራለች። የተሠራው ዕቃ በውኃ አይታጠብም፣ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ፀሐይ ላይ ከሰነበተ አለላው ይለቃል፤ እርጥበት ባለበት ቦታ ከተከደነ ደግሞ ይሻግታል፤ ስለዚህ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ነፋስ በሚገኝበት ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው።